ባለ ሦስት ነፍሱ ጎፈሬ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ጫማዬን ማውለቅ ነው። የኮምፒውተር ማሠልጠኛው አቃቂ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በሩ አጠገብ የጫማ መደርደሪያ ቆሟል። ዳይሬክተሩ አቶ ይልማ በካልሲያቸው ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። «ኮምፒውተር ሁለት ጠላት አለው፤ አቧራና ጌም» አሉኝ። «አቧራውን ጫማ እያስወለቅን እንከላከላለን። ጌሙን አንቺ ትከላከያለሽ።»

ከዚያ ማርከርና ወረቀት ሰጡኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ማስታወቂያ መጻፍ ሆነ። «በዚህ ክፍል ውስጥ ጌም መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩና «በጥብቅ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። አስምሪበት ያለኝ የለም፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት። ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ወር አልሞላኝም፤ እንዴት እንደምኮራ አትጠይቁኝ። ወረቀቱን በአራቱም ጫፍ በፕላስተር ለጠፍኩት።

የእኛ ሥራ ማዕረጉ ሦስት ነበር፦ ረዳት አሠልጣኝ፣ አሠልጣኝ፣ ዋና አሠልጣኝ። ረዳት ማለት ጠዋት ቀድሞ ገብቶ የኮምፒውተሮቹን ልብስ የሚገፍ፣ ስታቢላይዘሩን የሚያበራ፣ ማታ መልሶ የሚያለብስ ማለት ነው። ያኔ ማውስ ሆዱ ውስጥ ኳስ ነበረው። አርብ አርብ ሃያውንም ማውስ ገልብጬ፣ ኳሱን አውጥቼ፣ ውስጡ የተጠመጠመውን ቆሻሻ በስቴኪኒ እፍቅ ነበር። የአቃቂ አቧራ ጫማ ስላወለቁለት የሚመለስ አይደለም። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር በመስኮት ይገባል።

ሰው ኮምፒውተር ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጥ የሚያደርገውን ሁሉ ብጽፍ ወረቀት አይበቃኝም። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ማውሱን ወደ ቀኝ ሲነዳ ትከሻውም ወገቡም አብሮ ይታጠፋል። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሲደርስ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ መንገድ አለቀብኝ» አለኝ። ማውሱን አንስቶ መሃል ላይ መመለስ እንደሚችል ነገርኩት። «ኧረ! በአየር ነው እንዴ የሚሄደው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

እኔ አልሳቅኩም። ያኔ መሳቅ ክብር የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ላይ ቁጡ ነኝ፤ ይሄን ከአባቴ ነው የወረስኩት፤ እሱም ባቡር ጋራዥ ሲሠራ ብሎን የጣለ ሰው አይወድም ነበር። ተማሪ አንድ ነገር ሁለቴ ከጠየቀኝ ድምፄ ይወጣል። ሦስቴ ከጠየቀኝ ጎረቤት ይሰማል። ጥሩ አሠልጣኝ ናት የሚለኝም፣ ኧረ እሷ ጋ አታስገቡኝ የሚለውም እኩል ነበር።

ዋና አሠልጣኝ ከሆንኩ ከዓመታት በኋላ፣ ማውሱ ኳሱን ትቶ በብርሃን መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው፣ በአካባቢያችን ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንዱ አሥራ ሁለት የሽመና ክፍል ሠራተኞች የላከልን። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ አስቀድሞ መጥቶ አነጋገረን።

«አዲስ የሽመና ማሽን እያስገባን ነው» አለ። «ማሽኑ ስክሪን አለው። ሲቆም ለምን እንደቆመ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል። ሠራተኛው አንብቦ፣ ምክንያቱን መርጦ፣ መዝግቦ ነው የሚያስነሳው። በአራት ሳምንት አድርሱልን። መጨረሻ ላይ የኛ ኢንጂነር እዚሁ መጥቶ አንድ በአንድ ይፈትናቸዋል።»

«ያላለፈስ?» አልኩት።

«ያላለፈ ጥራጊ ጥጥ ክፍል ይመደባል።»

አሥራ ሁለቱ ሰኞ ጠዋት መጡ። ጫማቸውን በሥርዓት ደርድረው ገቡ። ከዚያ ወሬ ሲጀምሩ ጠብ የተነሳ መስሎኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ለካ እንደዚያ ነው የሚያወሩት። የሽመና ክፍል ጩኸት ጆሮ አያሰማም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጮሁ ኖረው ጸጥ ያለ ቤት ሲገቡም ድምፃቸው አልወርድ ብሏቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ድምፅ ሳያወጡ ከክፍሉ ዳርና ዳር በከንፈር ብቻ ይነጋገራሉ። እኔ ሳስረዳም ሰሌዳውን ትተው አፌን ነበር የሚያዩት።

ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቋ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት የሽመና ማሽን ላይ የሠሩ፣ አጠር ያሉ፣ ሻሻቸውን ፀጉር እንዳያሾልክ አጥብቀው የሚያስሩ ሴት። ማሽን ፀጉር እንዳይዝ ነው፤ ቤታቸውም እንደዚያው ያስራሉ መሰለኝ። ያን ጠዋት ከሌሎቹ ነጥለው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «እኔ ደረቴን ያመኛል። ሐኪሙ ጥራጊ ክፍል እግርሽን እንዳታስገቢ ብሎኛል፤ አቧራው አያስተነፍስም። ከወደቅኩ እዚያ ነው የሚሰዱኝ። እዚያ መሄድ ማለት ለኔ ሥራ መልቀቅ ማለት ነው። ቤቴን የያዝኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።»

«አይዞዎት፣ አራት ሳምንት ብዙ ነው» አልኳቸው። አራት ሳምንት ብዙ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ጉዱ መጣ። ሁሉም ስማቸውን እየጻፉ ነው። የእትዬ ዘነቡ ኮምፒውተር «ጢጥ» አለና አንድ የመልእክት ሳጥን ብቅ አለ። ወዲያው የእሳቸው ስክሪን ጠፋ፤ የጎረቤታቸውም ጠፋ፤ ረድፉ ሙሉ ጨለመ። በአንድ ረድፍ ያሉ ስድስት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በአንድ ዲቫይደር ነው። የዲቫይደሩ ማጥፊያ በእትዬ ዘነቡ በስተቀኝ፣ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። የእትዬ እጅ እዚያ ላይ ነበር። እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን በመገረም ያዩት ነበር።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ጮኸ እኮ! አቆምኩት።»

በማግስቱ ሌላ ቦታ፣ ማጥፊያ የማይደረስበት ጋ አስቀመጥኳቸው። ኮምፒውተሩ ጢጥ ሲል እጃቸው ዲቫይደር ፈልጎ ሲያጣ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ራሱን ተጭኖ ያዘ። ደግሞ ሌላ ቀን መብራት ሄዶ ክፍሉ ሲጨልም አሥራ አንዱም ዞረው እሳቸውን አዩ። እትዬ ዘነቡ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «ኧረ በመድኃኔዓለም! ይሄኛው እኔ አይደለሁም!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አሁንም አልሳቅኩም።

ነገሩ የፈነዳው በሦስተኛው ቀን፣ መብራት ከሄደበት ቀን በፊት ነው። ያኛው ወንበር የሌላ ሰው ስለነበረ ወደ ቀድሞ ወንበራቸው መልሻቸዋለሁ። ረድፉ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎ ሊጨርስ ሲል፣ ጢጥ አለ፤ ጠፋ። ስድስት ሰው ጠዋቱን ሙሉ የለቀመው ፊደል ሄደ። ያኔ ደሜ ፈላ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ኮምፒውተር የማይገባው ሰው አለ። እርስዎ ለምን ቤትዎ አይቀመጡም?»

ድምፄን እንኳ ያን ያህል ከፍ አላደረግኩትም። ግን እነዚህ አፍ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው፤ መጨረሻ ረድፍ ያሉትም ሳይሰሙ ሰሙ። እትዬ ዘነቡ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ወጡ፣ መደርደሪያው ጋ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አደረጉና ደረጃውን ወረዱ። በመስኮት ሳይ የአቃቂን ገበያ መንገድ ይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ።

በማግስቱ ስደርስ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከሁሉም ቀድመው መጥተዋል። «እትዬ፣ መጡ?» አልኳቸው።

«ታዲያ! ቤቴ ብቀመጥ ማን ይቆጣኛል?» አሉና ጫማቸውን ያወልቁ ጀመር።

ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌ ላይ ደርሳ ተመለሰች። እንዲህ ያለች ነገር ላይ ሞኝ ነኝ። በምትኩ ሌላ ጠየቅኳቸው፤ ከሦስት ቀን በፊት መጠየቅ የነበረብኝን።

«እትዬ፣ እጅዎ ለምንድነው የሚቀድመው?»

አጠገቤ ተቀመጡና በዚያ በጩኸታቸው አስረዱኝ። «እይ፣ ማሽኑ ላይ ክር ሲበጠስ ዓይንሽ እስኪያየው ከጠበቅሽ አለቀልሽ፤ ጨርቁ ተበላሽቷል። ጆሮ ነው የሚሰማው። ጆሮ ሲሰማ እጅ ያቆማል፤ ዓይን በመጨረሻ ይደርሳል። ጀማሪ ሆኜ አንዴ ቆይ ልየው ብዬ ዘገየሁ። ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ገደል ገባ። ሌላ ጊዜ አጠገቤ የነበረችው ጓደኛዬ ዘገየች፤ እሷ ጣቷን ነው ያጣችው። ከዚያ ወዲህ እጄ እኔን አይጠይቀኝም። ማቆሚያው በስተቀኝ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ነው። እጄ እዚያ ነው የሚሄደው።»

ገባኝ። ቢያንስ የገባኝ መሰለኝ። ይሄን የእጅ ልማድ ማስተው አለብኝ አልኩ በልቤ። እንዴት እንደማስተው ግን አላውቅም ነበር።

መላውን ያመጣው ረዳቴ ሰለሞን ነው፤ ሊያመጣ ፈልጎ ግን አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት በምሳ ሰዓት ቁልፍ ረስቼ ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ኪቦርድ ይንኳኳል። ሰለሞን ፊቱን ስክሪኑ ውስጥ ከቶ ጌም ይጫወታል። ኮምፒውተሮቻችን በተነሱ ቁጥር ወደ መጀመሪያ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ተደርገው የተቆለፉ ስለሆኑ ምንም አይጫንባቸውም። እሱ ግን በብሮውዘር ከፍቶታል፤ አይጫንም፣ ገጹ ከተከፈተ ይሠራል።

የድሮ ጌም ነው። ምስሉ ጥርብ ድንጋይ የተደረደረ ይመስላል። ጎፈሬው የቆመ፣ ቆዳ ያገለደመ የዋሻ ሰውዬ ዱላ ይዞ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል፤ አውሬ ሲመጣበት በዱላ ይለዋል፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሥጋና ፍራፍሬ ይለቅማል።

«ሰለሞን!» አልኩት። «ያ ግድግዳ ላይ ያለው ምን ይላል? አንብብልኝ እስቲ!»

«ቲቸር፣ ምሳ ሰዓት ስለሆነ እኮ…»

«በጥብቅ ይላል፣ በጥብቅ!»

እኔና እሱ ስንነታረክ የሚነካው ያጣው ሰውዬ ገደል ገባ። ኮምፒውተሩ የሚያስደነግጥ ድምፅ አወጣ። ከኋላዬ አንድ ሰው «ውይ!» አለ። ዞር ስል እትዬ ዘነቡ ናቸው። ምሳቸውን እዚያው ጥግ ላይ ይበሉ ኖሯል። እጃቸው ወደ ቀኝ ተዘርግቶ አየር ላይ ቀርቷል።

«ሞተ እንዴ?» አሉ።

«አዎ፣ ሞተ» አለ ሰለሞን።

ስክሪኑ ላይ ሰውዬው ከወደቀበት ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ እንደገና ብቅ አለ። እትዬ ዘነቡ የያዙትን ጉርሻ ረሱት።

«ተነሳ እኮ! ማን አስነሳው?»

«ሦስት ላይፍ አለው። ሦስት ነፍስ ማለት ነው። አንዱ ነው የጠፋበት፤ በሁለቱ ይቀጥላል።»

«ማሽኑ አልተበላሸም?»

«ምንም አልሆነም።»

እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞሩ። «እንደዚህ ነው እንዴ ኮምፒውተር? ጮኸ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም?»

እኔ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አሥር ቀን ሙሉ ስጮህለት የነበረው ነገር ነው! «መልእክት ሲመጣ አትፍሩ፣ አንብቡት» ያላልኩበት ሰዓት የለም። አንድ ባለ ጎፈሬ ገደል ገብቶ በአንዴ አስተማራቸው። ሰለሞንን ከወንበሩ አስነሳሁትና «ይቀመጡ እትዬ» አልኳቸው። ሰለሞን አንዴ እኔን፣ አንዴ ማስታወቂያውን ያያል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓት የእትዬ ዘነቡና የጎፈሬው ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሰውዬው በሞተ ቁጥር እጃቸው ዲቫይደሩን ያጠፋ ነበር። ዝም አልኳቸው። ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ገጹ እንደገና እስኪከፈት ሩብ ሰዓት ያስጠብቃል። እሳቸውም ስክሪኑ ላይ የመጫኛው ክብ ሲሽከረከር እያዩ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። «አየሽ፣ እኔው ነኝ የገደልኩት» ይሉኛል። «እሱ ሊነሳ ነበር።» ቀስ በቀስ እጃቸው ዲቫይደሩ ላይ ይደርስና ሳይጫን ይመለስ ጀመር። ከዚያ ግማሽ መንገድ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ያርፋል።

አነጋገራቸውን ብትሰሙ! «ቀስ በል አንተ ጎፈሬ፣ ማን ያባርርሃል!» «ዝለል እንጂ፣ እግርህ ተሰበረ?» «እሰይ! በለው ያንን ዘንዶ!» ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። ታች የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ቀና ብለው መስኮታችንን ያያሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰለሞን ለወራት ሲሞክረው የኖረውን ደረጃ አለፉት። ድንጋዮች ከላይ የሚወርዱበት ቦታ ነው። ሰለሞን እያየ ነበር የሚሸሸው። እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ ሁለት ነፍስ አባክነው ዝም ብለው አዳመጡ። በጣታቸው ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝለል» እያሉ ሳይቸኩሉ አሻገሩት።

«እንዴት አወቁት?» አለ ሰለሞን አፉን ከፍቶ።

«ይሄ እኮ ሽመና ነው። የሚመጣው ተመልሶ የሚመጣው ነው። ቆጥረህ መግባት ነው እንጂ ምን ያስሮጥሃል?»

ወሬው ተሰማና ሌሎቹም ምሳቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። ሁሉም ተራ ይዞ ይጫወታል። አንድ ቀን አሥራ ሁለቱም አንድ ስክሪን ላይ ተደርበው «በለው! በለው!» ሲሉ በሩ ተከፈተና አቶ ይልማ በካልሲያቸው ገቡ። ሰለሞን ከጠረጴዛ ስር የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ አለ።

አቶ ይልማ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ ግድግዳውን አዩ። «ትርሲት፣ ይሄን ማስታወቂያ ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለት ጊዜ ያሰመረበትስ?»

«እኔው ነኝ።»

እትዬ ዘነቡ ተነሱ። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እጄ እየቀደመ ሰው ሁሉ አስቸገርኩ። እሷ እጄን ልታሠለጥንልኝ ብላ ነው። ከወደቅኩ ሥራዬ አበቃ።»

አቶ ይልማ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ብዙ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ሲቆጡ ሰዓታቸውን ነው የሚያዩት። እስቲ አሁን ምን ሊሉ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። «ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው» አሉ። «የምሳ ሰዓት የማሠልጠኛው ሰዓት አይደለም። እኔ ምንም አላየሁም። ማስታወቂያው ግን እንዳለ ይቆይ።» ወጥተው በሩን ዘጉት። እግዜር ይስጣቸው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

የፈተናው ቀን ኢንጂነሩ ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ ሳጥን ይዞ መጣ። ላፕቶፑ ላይ የማሽኑ ስክሪን የሥልጠና ቅጂ አለ። ሳጥኗ ላይ ቀይ የማቆሚያ ቁልፍ አለች፤ በተፈታኙ በስተቀኝ አስቀመጣት። ከቦታ ሁሉ ቦታ በስተቀኝ!

አሥራ ሁለቱ አንድ በአንድ ተጠሩ። እኔ ከኋላ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ፤ መናገር ግን ክልክል ነው። ኢንጂነሩ ያስጮኸዋል፤ ተፈታኙ ያነባል፣ ምክንያቱን ይመርጣል፣ ይመዘግባል፣ ያስነሳል። አምስት ጊዜ። ወጣቶቹ ፈጣን ነበሩ።

እትዬ ዘነቡ ሰባተኛ ገቡ። ሻሻቸውን ከወትሮው አጥብቀው አስረዋል። ማሽኑ ጮኸ። ቀኝ እጃቸው ተነሳ። እጃቸው ግማሽ መንገድ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ከንፈራቸው እያነበበ መረጡ። ስክሪኑ ቀይ ሆነ፤ ተሳስተዋል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ከንፈራቸው ድምፅ ሳያወጣ «አንድ ነፍስ» ሲል አየሁ፤ በአራት ሳምንት እኔም ከንፈር ማንበብ ለምጃለሁ። እንደገና አነበቡ፣ ሌላውን መረጡ፣ አረንጓዴ ሆነ። ቀጣዩን አለፉ። ቀጣዩንም። አራተኛውንም።

አምስተኛው ላይ ኢንጂነሩ ለሁሉም ያደርገው የነበረውን አደረገ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ማሽኑ በደህና እንደሚሠራ ያሳያል፤ ከድምፅ ማጉያው የማሽን ድምፅ ይወጣል። ያው የሚንኳኳ ድምፅ ነው። እኔ ምንም ለውጥ አልሰማሁበትም። የእትዬ ዘነቡ እጅ ግን ዓይኔ ሳይከተለው ሄዶ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ።

ከእሳቸው በፊት አራቱ ሲያቆሙት ኢንጂነሩ መዝግቦ ብቻ ስላሰናበታቸው ስህተት ነው የመሰለኝ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። አራት ሳምንት በከንቱ!

ኢንጂነሩ ከወረቀቱ ቀና አለ። «ለምን አቆሙት? ስክሪኑ እኮ ደህና ነው ይላል።»

«ስክሪኑማ አልሰማም! እኔ ሰማሁ። የማግ ክሩ እየሳተ ነው። ትንሽ ብትተወው ጨርቁን ይበላዋል።»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። «ልክ ነዎት። የተበላሸ ማሽን ድምፅ ነው የቀዳሁት። ስክሪኑ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ሰው ስክሪን ብቻ አምኖ እንዳይቀመጥ ነው ፈተናው።» ከእሳቸው በፊት ከገቡት ስድስት ሰዎች ሁለቱ ስክሪኑን እያዩ ዝም ብለው ነበር። እኔም ብሆን ዝም ነበር የምለው። አራት ሳምንት ሙሉ ልነቅለው የታገልኩት እጅ ለካ የሥራው ዋና ዕቃ ነበር። ያ ሁሉ ልፋቴ ተሳክቶልኝ ቢሆን ኖሮ እትዬ ዘነቡን እኔው ነበርኩ የምጥላቸው። ጎፈሬው የእሳቸውን እጅ አልነቀለም፤ መቼ ማረፍ እንዳለበት ብቻ ነው ያስተማረው።

አለፉ። ያላለፉት ሁለቱም ከሳምንት በኋላ እንደገና ተፈትነው አለፉ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረውን እልልታ አቶ ይልማ አልሰማሁም ቢሉ ማንም አያምናቸውም።

ሁሉም ሲወጡ እትዬ ዘነቡ መደርደሪያው ጋ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያስራሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ስላልኩዎት ነገር ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የቱን ቀን?»

«ቤትዎ ይቀመጡ ያልኩዎትን።»

ማሰሪያውን ቋጥረው ጨረሱ። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ተነሱ።

«እሱማ አንድ ነፍስ ቀንሶብሻል» አሉኝ። «ሁለት ይቀርሻል። በይ ተጠንቀቂ።»

ሳቅኩ። እዚያ ክፍል በር ላይ፣ በካልሲዬ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እትዬ ዘነቡ ዛሬም ማሽኑ ላይ ናቸው። በዓል ሲደርስ ስልክ ይደውላሉ፤ እየጮሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጎፈሬው ነው፤ እንደ ልጅ ደህና ነው ወይ ይሉኛል። እኔም አሁን አዳዲስ አሠልጣኞችን ነው የማሠለጥነው። ማስታወቂያው ቀለሙ ለቆ እዚያው ተለጥፏል፤ ከሥሩ ሰለሞን በእስክሪብቶ «ከምሳ ሰዓት በስተቀር» ብሎ ጨምሮበታል።

ለአዲሶቹ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ተማሪ አንድ ስህተት ከደጋገመ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት የት እንደለመደው ጠይቁት። እኔ የጠየቅኩት ከተቆጣሁ በኋላ ነው።